የሙዚቃ ፕሮጀክት ሲበላሽና ባክአፕ ሲያዝ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በቤት ስቱዲዮ ለሚያቀናብሩ፣ ቮካል ለሚቀዱና ለሠርግ ኪቦርድ ለሚያሰናዱ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች የተዘጋጀ ነው። ፋይል የተበላሸባችሁ አሁን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አንብቡ። እስከዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትቅዱ፣ አታውርዱ፣ ሴቭም አታድርጉ።

ፕሮጀክቱ አልከፈት አለኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉና ሙከራውን ሁሉ በኮፒው ላይ ሥሩ። ብዙ ሥራ የሚጠፋው ፋይሉ ሲበላሽ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ሰው ይደነግጥና ግማሹ ብቻ የተከፈተለትን ፕሮጀክት በድሮው ስም ሴቭ ያደርገዋል፤ ሊተርፍ የነበረው ያኔ ይደመሰሳል።

ቀጥሎ የፋይሉን መጠን እዩ። ዜሮ ኪሎባይት ከሆነ ውስጡ ምንም የለም፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ። መጠኑ እንደወትሮው ሆኖ ፕሮግራሙ «ይህ ትክክለኛ ፋይል አይደለም» ካለ በሄክስ መመልከቻ (የፋይሉን ባይቶች በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱት። ከላይ እስከ ታች ዜሮ በዜሮ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ዊንዶውስ ለፋይሉ ቦታ ይዞለት ይዘቱን ሳይጽፍ ቀርቷል ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ፋይል የሚወጣ ነገር የለም። «እናስተካክላለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ አትክፈሉ።

መከፈት ጀምሮ መሃል ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ዝግት የሚል ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የፕለግኢን (በሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚሠራ ተጨማሪ መሣሪያ ወይም ኢፌክት) ነው። ዊንዶውስ ላይ ቪኤስቲ 3 የሚባለው ዓይነት ፕለግኢኖች የሚቀመጡት በሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ኮመን ፋይልስ ውስጥ ባለው የቪኤስቲ 3 ፎልደር ነው። በቅርብ የጫናችሁትን ወይም የምትጠረጥሩትን ፕለግኢን ለጊዜው ወደ ዴስክቶፕ አውጡትና ፕሮጀክቱን ክፈቱ። ፕሮግራሙ ፕለግኢኑ እንደጎደለ ነግሯችሁ ቀሪውን ይከፍታል። ወዲያው በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ፣ ትራኮቹን በዋቭ አውጡ፣ ፕለግኢኑን የመመለሱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ግማሾቹን አውጥታችሁ ሞክሩ፤ ከተከፈተ ጥፋተኛው ከወጡት መካከል ነው፣ ካልተከፈተ ከቀሩት። ሪፐር በሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ይህ ሁሉ ልፋት የለም። ፕሮጀክት መክፈቻው መስኮት ላይ ኤፍኤክሶቹን (ፕለግኢኖቹን) ሁሉ ኦፍላይን አድርጎ፣ ማለትም ሳያስነሳ፣ የሚከፍት ምርጫ አለው።

ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠው ቅጂ የት ነው የሚገኘው?

ኤፍኤል ስቱዲዮ፦ ዶክዩመንትስ ውስጥ ኢሜጅ-ላይን፣ ከዚያ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ከዚያ ፕሮጀክትስ፣ ከዚያ ባክአፕ። ፋይል ሜኑ ውስጥም «ሪቨርት ቱ ላስት ባክአፕ» የሚል አለ። ኪዩቤዝ፦ በዚያው በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ መጨረሻቸው ዶት ባክ የሆነ ፋይሎች አሉ። የአንዱን ኮፒ ወስዳችሁ መጨረሻውን ወደ ዶት ሲፒአር ቀይሩት። (የፋይሉ መጨረሻ ካልታያችሁ ከዊንዶውስ የ«ቪው» ሜኑ ላይ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩ።) ፕሮ ቱልስ፦ «ሴሽን ፋይል ባክአፕስ» የሚባለው ፎልደር። ሪፐር፦ ከፕሮጀክቱ ጎን ያለው ዶት አርፒፒ-ባክ።

አብለተን ላይቭ በፕሮጀክት ፎልደሩ ውስጥ «ባክአፕ» የሚባል ፎልደር አለው፤ የመጨረሻዎቹን 10 ሴቮች ከነቀንና ሰዓታቸው ይይዛል። የአብለተን ፋይል ራሱ የታመቀ ጽሑፍ ነው። ሰቨን-ዚፕ በሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም ፈትታችሁ በጽሑፍ ማንበቢያ ብትከፍቱት የትራክ ስሞችንና የሳምፕሎቹን አድራሻ ታነባላችሁ። የሪፐር ፋይል ደግሞ ሳይታመቅ እንዲሁ በኖትፓድ ይከፈታል። ፋይሉ ከመሃሉ ቢቆረጥ እንኳ የትኛው ቅጂ የትኛው ዘፈን ላይ እንደነበረና ቴምፖው ስንት እንደሆነ ከዚያ ላይ ማወቅ ትችላላችሁ።

እነዚህን ቅጂዎች ስትፈልጉ በሰዓት አትሳሳቱ። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ የሠራችሁት 21:00 ተብሎ ይገኛል፤ ቀን 8 ሰዓት ተኩል ላይ የሠራችሁት 14:30 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሠራችሁት ደግሞ 01:00 ሆኖ በማግስቱ ቀን ሥር ይገባል፤ «የትናንቱ የለም» ተብሎ የሚዘለለው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ቮካል እየቀዳሁ መብራት ጠፋ። የዋቭ ፋይሉ ዜሮ ሰከንድ ያሳያል፣ ግን መጠኑ ትልቅ ነው። ይተርፋል?

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የዋቭ ፋይል መግቢያው ላይ የድምፁን ርዝመት የሚናገር አጭር ራስጌ አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር በትክክል የሚሞሉት ቅጂው ሲቆም ነው። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ድምፁ ዲስክ ላይ አለ፣ ራስጌው ግን «ባዶ ነኝ» እንዳለ ይቀራል።

መጀመሪያ በስሌት አረጋግጡ። በ24 ቢት፣ በ48,000 ኸርዝ የተቀዳ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ቀድታችሁ ከነበረ ፋይሉ 173 ሜጋባይት አካባቢ መሆን አለበት። ስቴሪዮ ከሆነ እጥፍ ነው።

ከዚያ ኦዳሲቲን ክፈቱ፤ ነፃ ነው። «ፋይል»፣ «ኢምፖርት»፣ «ሮው ዳታ» በሉና የዋቩን ኮፒ ምረጡ። ኢንኮዲንጉን «ሳይንድ 24 ቢት ፒሲኤም» አድርጉ፣ ባይት ኦርደሩን «ሊትል ኤንዲያን»፣ ቻናሉን ሞኖ ወይም ስቴሪዮ እንደነበረው፣ ስታርት ኦፍሴቱን 44፣ ሳምፕል ሬቱን 48000። አስገቡት።

የሚሰማው ጩኸት ብቻ ከሆነ አትደናገጡ። 24 ቢት ማለት እያንዳንዱ ናሙና 3 ባይት ነው፤ መነሻው በአንድ ባይት እንኳ ቢዛነፍ ሁሉም ነገር ወደ ጩኸት ይለወጣል። ኦፍሴቱን 45፣ ከዚያ 46 አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ይገጥማል። ድምፁ ንጹህ ሆኖ መጀመሪያው ላይ ጠቅ የሚል ነገር ካለ ፕሮግራማችሁ ረዘም ያለ ራስጌ ይጽፋል ማለት ነው፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። ዘፋኙ ከፍ ባለ ድምፅና በፍጥነት ወይም ወረድ ብሎና ተጎትቶ ከተሰማ ሳምፕል ሬቱ ተሳስቷል፤ በ44,100 እና በ48,000 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ ነው። ሲጨርስ እንደ አዲስ ዋቭ ኤክስፖርት አድርጉት።

ፋይል ለምን ይበላሻል?

ከሁሉ በላይ በጽሑፍ መሃል በሚመጣ መቋረጥ። «ሴቭ» ስትሉ ፕሮግራሙ አሮጌውን ፋይል በአዲሱ እየተካ ነው፤ በዚያች ሰከንድ ኃይል ከተቋረጠ አሮጌውም አዲሱም ላይኖር ይችላል። ፍላሽ ሳያስወጡ መንቀልም ያው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከዴስክቶፕ አይለይም። ላፕቶፕ ነው ብሎ የሚዘናጋው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የምናነሳው።

ዲስክ ሲሞላም ፋይል ይቆረጣል። ሲ ድራይቭ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ይሁን። ከዚያ የሚያረጅ ዲስክ፣ ቫይረስና የማይረጋ ፕለግኢን ይከተላሉ። ክራክ የተደረገ ፕለግኢን የግድ ፋይል ያበላሻል አንልም፤ ነገር ግን መሃል ላይ ሲዘጋ የምትጠይቁት አካል የለም፣ አብሮት የሚመጣውን ቫይረስም አታውቁትም። አቅም ካነሰ ሪፐር 60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞከራል፣ ለግለሰብ የሚሸጥበት ዋጋም 60 ዶላር ነው።

ስታቢላይዘር አለኝ። ዩፒኤስም ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ስታቢላይዘር ግን ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጀነሬተርም እስኪነሳ ያለችው ክፍተት ኮምፒውተር ለማጥፋት ከበቂ በላይ ናት።

ለአንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ ይበቃል፤ ሆኖም የምትቆጥሩት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ይሁን። 650 ቪኤ ብዙውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑን፣ ሳውንድ ካርዱንና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ብቻ ሰኩበት። ሞኒተር ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ፕሪንተርና ፋን ከግድግዳው ይሁኑ። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ሚክሱን ለመጨረስ አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዩፒኤስ ውስጥ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሐረር ላይ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ፣ ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ በሚደርስበት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። ዩፒኤሱን ከመሬት አጠገብ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ አየር በሚያገኝበት አስቀምጡ። በየሦስት ወሩ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ መሰኪያውን ከግድግዳ ንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኩ። ከሦስት ደቂቃ ከወረደ ባትሪውን ብቻ ቀይሩ። አብዛኞቹ አነስተኛ ዩፒኤሶች የሚጠቀሙት ባለ 12 ቮልት፣ 7 ወይም 9 አምፒር-አወር ባትሪ ስለሆነ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አትሽቀዳደሙ። መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ።

አውቶሴቭ በርቷል። አይበቃም?

አይበቃም። አውቶሴቭ የሚጽፈው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የተበላሸውንም ሁኔታ በታማኝነት ይቀዳዋል። በየ5 ደቂቃው አድርጉት፣ ግን ከእያንዳንዱ ትልቅ ለውጥ በኋላ ቁጥር ጨምራችሁ ለብቻ ሴቭ አድርጉ። ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ኮንትሮልና «ኤን» ይህንኑ በራሱ ያደርጋል።

ባክአፕ ሳደርግ ምን ምን መገልበጥ አለብኝ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የፕሮጀክት ፋይሉ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ የት እንዳለ የሚናገር አድራሻ ነው። ክክ ድራሙን ከዳውንሎድስ፣ የከበሮውን ሉፕ ከጓደኛ ፍላሽ፣ ቮካሉን ከዴስክቶፕ ጎትታችሁ ካስገባችሁ፣ ጥቂት መቶ ኪሎባይት የሆነችውን ፋይል ብቻ ወደ ኤክስተርናል መገልበጥ ዋጋ የለውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ግማሹ ትራክ ዝም ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር ሰብስቡ። አብለተን ላይ «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ»፣ ኪዩቤዝ ላይ «ባክአፕ ፕሮጀክት»፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ከኤክስፖርት ሜኑ «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ»፣ ሪፐር ላይ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ከታች ያለውን ሚዲያውን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር የሚገለብጠውን ምርጫ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛው ስቴም ነው። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው በ24 ቢት ዋቭ አውጡ፤ ሁሉም እኩል ርዝመት ይኑራቸው፣ ሲደረደሩ ሳይስተካከሉ እንዲገጥሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፕለግኢኑ ባይኖር፣ ፕሮግራሙም ቢቀየር፣ ዋቭ ይከፈታል። ጊዜ ከጠበባችሁና አንድ ነገር ብቻ ማትረፍ ከቻላችሁ ከፕሮጀክት ፋይሉ ይልቅ ስቴሙን ምረጡ። መጠኑም አያስፈራም፦ 5 ደቂቃ ዘፈን፣ 24 ሞኖ ትራክ፣ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው።

ሚዲውን (ድምፁ ሳይሆን የተጫወታችሁት ኖታ የተመዘገበበትን) ለብቻ ኤክስፖርት አድርጉ። የሠራችኋቸውን የፕለግኢን ፕሪሴቶች ጨምሩ። ከዚያ በዚያው ፎልደር አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱና ቴምፖውን፣ ምቱን (ስድስት ስምንተኛ ነው ወይስ አራት አራተኛ)፣ ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁን፣ ክራር ወይም ማሲንቆ ከተቀዳበት በምን እንደተቃኘ፣ የትኛው ኪቦርድ የትኛው ቮይስ እንደሆነ ጻፉ። ባቲ ይሁን አምባሰል በጆሮ ይለያል፤ ክራሩ ከ440 ኸርዝ ምን ያህል ወርዶ እንደተቃኘ ግን ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፤ ቮካሉን በከፊል እንደገና ለመቅዳት ስትቀመጡ የምትፈልጉት እሱን ነው።

የኮንታክት (የሳምፕል ማጫወቻ ፕለግኢን) ላይብረሪና የተገዙ ሳምፕል ፓኮችን በየፕሮጀክቱ አትገልብጡ። አንድ ጊዜ ለብቻቸው አስቀምጧቸው።

ስንት ቅጂ፣ የትስ ላስቀምጥ?

በሙያው የታወቀው ሦስት-ሁለት-አንድ የሚባለው ደንብ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አንድ፣ ኤክስተርናሉ ሁለት። ሦስተኛው ነው የሚዘለለው።

ኤክስተርናሉ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ጎርፍ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለበት ሌሊት የሚረሳ አይደለም። ከደቻቱ ዳር ወይም ምድር ቤት ላይ ስቱዲዮ ያለው ሰው ሁለቱንም ቅጂ መሬት አጠገብ ማስቀመጥ የለበትም። ቀላሉ ዘዴ ሁለት ኤክስተርናል ይዞ መቀያየር ነው፦ አንዱ ከዚራ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ሌላው ሐረር ዘመድ ቤት። ደንገጎን ወጥቶ በመንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሠርግ ሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ በተመላለሳችሁ ቁጥር ለውጧቸው። በወር አንዴ እንኳ ቢሆን ደህና ነው። ጀጎል ያለው ሐረሬም በተቃራኒው አንዱን ቅጂ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይላክ።

ፍላሽ ላይ ማስቀመጥስ?

ለማመላለስ እንጂ ለማኖር አይሁን። ገበያ ላይ፣ የድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ 512 ጊጋ ወይም 1 ቴራ ተጽፎባቸው እውነተኛ መጠናቸው 16 ወይም 32 ጊጋ የሆኑ ፍላሾች ይዞራሉ። ኮምፒውተሩ የተጻፈውን መጠን ያሳያል፣ ፋይሉም የተገለበጠ ይመስላል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ ያለው ግን የትም አልተጻፈም፣ ወይም ቀድሞ በተጻፈው ላይ ተደርቧል። ስማቸው ሁሉ አለ፣ ሲከፈቱ ግን አንዳቸውም አይሠሩም። ስትገዙ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፋችሁ አንብቡት። ሰዓታት ሊወስድ ይችላልና ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ የመመለሻ ቀን ተስማሙ። ዋጋው ከሌሎቹ ሲሶ ከሆነ ግን መፈተሽም አያስፈልገውም።

ፎርማቱም ለውጥ ያመጣል። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ይቀበላል፣ ነገር ግን በጽሑፍ መሃል ከተነቀለ ራሱን የሚጠግንበት መዝገብ የለውም። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስተርናሉን ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት።

ከኢንተርኔት ካፌ ወይም ከኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አትጫኗቸው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። በዊንዶውስ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን አብሩ፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን አጥፉ። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። ዋቮቹንና ፕሮጀክቱን ብቻ አውጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።

ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ እልካለሁ። ባክአፕ ይባላል?

እንደ ሦስተኛ ቅጂ፣ አዎ፤ እንደ ብቸኛ ቅጂ፣ አይባልም። በነፃው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይላካል። ፎልደሩን በሰቨን-ዚፕ አንድ አድርጋችሁ፣ 500 ሜጋባይት እየሆነ እንዲከፋፈል አዝዛችሁ ላኩ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚደገመው የተቋረጠው ክፍል ብቻ ይሆናል። ዋቮቹን አንድ በአንድ ከላካችሁ የፎልደሩ አሠራር ይፈርሳል፣ ፕሮጀክቱም አያገኛቸውም። ከመላካችሁ በፊት በሰቨን-ዚፕ «ቴስት» የሚለውን ተጫኑ። አካውንቱ የተያዘው በስልክ ቁጥራችሁ ስለሆነ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሩበት።

ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ጂሜይልና ፎቶም ከዚያው ይቆጠራሉ። መላኪያው ፍጥነት 2 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ ለሌሊት ተዉት። ስቴሞቹን ፍላክ ወደሚባለው የታመቀ የድምፅ ፋይል መቀየር ጥራት ሳይነካ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን ይቀንሳል፤ ባለ 32 ቢት ፍሎት ዋቭ ከሆነ ግን ሳትቀይሩ እንዳለ ላኩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ፎልደር ላይ ፋይሉን ብትሰርዙት እዚያም ይሰረዛል። ድራይቭ መጣያው ውስጥ የሚያቆየው ለ30 ቀን ነው።

ኪቦርዱ ውስጥ ያሉት ስታይሎችና ሳምፕሎችስ?

ለሠርግ ባንድ ይህ ከፕሮጀክቱ ይብሳል። በዓመታት የተሰበሰቡት የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሐረሪና የአማርኛ ስታይሎች፣ የክራርና የማሲንቆ ሳምፕሎች አንድ ኪቦርድ ውስጥ ብቻ ናቸው፤ ጠጋኝ አንድ ጊዜ ፋክተሪ ሪሴት ካደረገው አለቀ። ኮርግ ፒኤ ላይ ከሚዲያ ገጽ «ሴቭ ኦል» ብላችሁ ወደ ፍላሽ አውጡ፤ መጨረሻው ዶት ሴት የሆነ ፎልደር ይሠራል። ያንን ፎልደር ሙሉውን ነው የምትገለብጡት፤ ከውስጡ እየመረጣችሁ ብትወስዱ ፓዶቹና ስታይሎቹ ሳምፕላቸውን ያጣሉ። ያማሃ ላይ በሲስተም ገጹ ያለውን «ባክአፕ» ተጠቀሙ፣ ኤክስፓንሽን ፓክ የጫናችሁበትን ፋይልም ለብቻው አስቀምጡ።

ፍላሹ ፋት 32 ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ሳለ አይነቀል። ሠርግ ላይ ስትሄዱ ሁለት ተመሳሳይ ፍላሽ ያዙ።

ኤክስተርናሉ ታክ ታክ ይላል፣ ወይም «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል።

ፎርማት አታድርጉ። ታክ ታክ የሚለውን ወዲያው ንቀሉት፤ በሞከራችሁት ቁጥር የውስጡ ራስ ሳህኑን ሊጭረው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ምክር አትስሙ፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል። መክፈትም አይቻልም፤ በአቧራማ ክፍል የተከፈተ ዲስክ ተመልሶ አይሠራም።

ድምፅ ሳያሰማ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ባለው መሰኪያ ሞክሩ። ቀጥሎ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሁኔታውን እዩ። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» ወይም «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ከዜሮ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። ያኔ ቼክ ዲስክ አታስኬዱበት፤ የደከመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፣ ያልተነበበውንም ፋይል ይቆራርጣል። አስቀድማችሁ በጣም የምትፈልጉትን ፎልደር ገልብጡ፣ ከዚያ ቀሪውን።

ሰርዤዋለሁ፣ ሪሳይክል ቢንም ባዶ ነው።

ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ከሆነ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይተርፋል። ሪኩቫ ወይም ፎቶሬክን ሌላ ዲስክ ላይ ጫኑ፣ የተገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። ፎቶሬክ ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ዋቭንም ያወጣል፤ የፋይል ስም ግን አይመልስም፣ በመጠንና በጆሮ ትለያላችሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ስለሚያጸዳው ተስፋው ትንሽ ነው።

ፎልደሮቹን እንዴት ልሰይማቸው?

ዓመት-ወር-ቀን፣ ከዚያ የዘፋኙ ስም፣ ከዚያ የዘፈኑ፣ ከዚያ ቁጥር። ከኢትዮጵያና ከፈረንጅ አቆጣጠር አንዱን ብቻ ምረጡ። ስቱዲዮው በሁለቱም ሲጽፍ 2017 የተባለው ፎልደር በፈረንጅ 2017 የተሠራ ነው ወይስ በእኛ አቆጣጠር፣ ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በፈረንጅ ስለሆነ እሱን መከተል ያቀላል። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉት፤ አንዳንድ የቆዩ ፕለግኢኖች በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ላይ ያለውን ሳምፕል አይከፍቱም። «ፋይናል» የሚል ቃል አትጠቀሙ፤ ዘፋኙ ሁልጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ባክአፑ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

የፎልደሮቹን ፕሮፐርቲ ከፍታችሁ የፋይሎቹን ብዛትና መጠኑን በባይት አስተያዩ፤ ሁለቱም እኩል መሆን አለባቸው። ቴራኮፒ ከገለበጠ በኋላ «ቬሪፋይ» ብሎ ራሱ ያነጻጽራል። ይህ ግን መገልበጡን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሳምፕል መጉደሉን አያሳይም። እውነተኛው ፈተና ኤክስተርናሉን ይዞ ጓደኛ ቤት መሄድና ፕሮጀክቱ ተሠርቶበት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው። በራሳችሁ ማሽን ላይ ከሞከራችሁት ፕሮግራሙ የጎደለውን ሳምፕል ከዳውንሎድስ ፈልጎ ስለሚያመጣው የተሟላ ይመስላችኋል። ጓደኛ ከሌለ የፕሮጀክቱን ፎልደርና ዳውንሎድስን ስም ለጊዜው ቀይሩና ከኤክስተርናሉ ክፈቱ።

የደንበኛን ፋይል ለስንት ጊዜ ላስቀምጥ?

ቀብድ ስትቀበሉ ተነጋገሩ፤ ለምሳሌ ሥራው ከተረከበ በኋላ አንድ ዓመት። ማስተሩንና ስቴሙን በፍላሽ ስታስረክቡ ዘፋኙ እዚያው ፊታችሁ ይክፈተው፣ መረከቡንም በቴሌግራም ይጻፍላችሁ። ጊዜው ሲደርስ ከመሰረዛችሁ በፊት አንድ መልእክት ላኩለት፤ ቁጥሩን ቀይሮ ከሆነ ስቴሙን አቆዩ፣ ፕሮጀክቱን ሰርዙ።